«የማላውቀው ሰው አይደለም እኮ»፦ የአንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ዲጂታል አሻራ

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የምትማር የ9 ዓመት ልጅ የገጠማትን ጉዳይ ይመዘግባል። የልጅቷም፣ የቤተሰቧም፣ የትምህርት ቤቱም ስም አልተጠቀሰም። ማንነትን ሊጠቁሙ የሚችሉ ዝርዝሮችም ቀርተዋል። እናቷ እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ልጅቷም ተጠይቃ «ስሜ ካልተጻፈ እሺ» ብላለች።

ጉዳዩ የከፋ ነገር ሳይደርስ ተይዟል። ቢሆንም መመዝገብ አለበት ያልነው ልጅቷ ስለ ኢንተርኔት ደኅንነት የተነገራትን ሁሉ በቃሏ የምታውቅ ስለነበረች ነው። «ለማላውቀው ሰው ስሜንና አድራሻዬን አልሰጥም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ክፍል ውስጥ ቆማ አንብባለች። ያንን እያወቀች ምን እንደጎደላት መመርመር ለሌሎች መምህራንና ወላጆች ይጠቅማል። በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ትምህርት የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ጉዳዩን የተከታተልነው ከክፍል ኃላፊዋ መምህርትና ከምክር አገልግሎት ባለሙያዋ ጋር ሆነን ነው።

የልጅቷ ሁኔታ

ልጅቷ በትምህርቷ ጎበዝ፣ በክፍል ውስጥ ተናጋሪ ናት። ቤት ውስጥ የእናቷን አሮጌ ስልክ ትጠቀማለች። ስልኩ ሲም ካርድ የለውም፤ የሚሠራው በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ነው። እናቷ «ሲም የሌለው ስልክ ላይ ማን ይደውልላታል?» ብለው ብዙም አልሰጉም ነበር።

ስልኩ ላይ የምትጠቀማቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፦ ተጫዋቾች እየተጫወቱ የሚጻጻፉበት አንድ ጌምና አጫጭር ቪዲዮዎች የሚታዩበት አንድ መተግበሪያ። አካውንቶቹን የከፈተላት ታላቅ የአክስቷ ልጅ ነው። ዕድሜዋ ስለማይፈቅድ የትውልድ ዓመቷን ወደ ኋላ ስቦ 13 ዓመት የሞላት አስመስሎ አስገባ። ማረጋገጫ የሚላክበት ኢሜይልም የእሱ ነው። መለያ ስሟ የራሷ ስምና እውነተኛው የትውልድ ዓመቷ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ናቸው፤ በጌሙም በቪዲዮ መተግበሪያውም ያው ስም።

የ13 ዓመቱ ወሰን ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። አሜሪካ በ1998 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም እንዲሁ) ያወጣችውና በ2000 ሥራ ላይ የዋለው የሕፃናት የኦንላይን ግላዊነት ሕግ፣ ድርጅቶች ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች መረጃ ከመሰብሰባቸው በፊት የወላጅ ፈቃድ እንዲያገኙ ያስገድዳል። ብዙ ድርጅቶች ያንን ፈቃድ ከማስተናገድ ይልቅ ከ13 በታች የሆኑትን አንቀበልም ማለቱን መረጡ። በ2018 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ደግሞ ወሰኑን 16 አድርጎ አባል አገራት እስከ 13 ዝቅ እንዲያደርጉት ፈቅዷል።

ቤተሰቦች ዓመቱን ሲቀይሩ ብዙ ጊዜ በሩን ብቻ የከፈቱ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ስሌቱ በዚያ አይቆምም። በ9 ዓመቷ 13 ተብላ የተመዘገበች ልጅ ገና 14 ሲሞላት መተግበሪያው 18 ሞላት ብሎ ይቆጥራታል። ለታዳጊዎች የተቀመጡት መከላከያዎች በሙሉ በዚያ ቀን ይነሱላታል። በወላጆች ስብሰባ ላይ ካስረዳናቸው ነገሮች ሁሉ ወላጆቹን ይበልጥ ያስደነገጠው ይኸው ነው።

ችግሩ እንዴት ታወቀ

ለመምህርቷ የነገረችው ልጅቷ ራሷ ሳትሆን አጠገቧ የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። «ጌም ላይ ያለ አንድ ልጅ ያስፈራራታል» አለች። መምህርቷ ልጅቷን ለብቻዋ ጠርታ ስታነጋግራት መጀመሪያ ምንም የለም ብላ ካደች። «አንቺን ለመቅጣት አይደለም፤ ስልክሽንም አልወስድም» ስትላት ማልቀስ ጀመረች።

ኋላ ላይ ከጽሑፍ ልውውጡ እንዳየነው ነገሩ የሄደው ደረጃ በደረጃ ነው። ተጻጻፊው የካርቱን ፎቶ ያለው አካውንት ነበር፤ 11 ዓመቴ ነው ይላል። ለሳምንታት አብሯት ተጫወተ፣ ያቃታትን ደረጃ አሳለፋት፣ በጌሙ ውስጥ ያሉ ዕቃዎችን ሰጣት። ከዚያ አንድ ቀን የምትማርበትን ትምህርት ቤት ስም ጠርቶ «ሦስተኛ ለ ነሽ አይደል?» አላት። ልጅቷ ደነገጠች ብለን ጠብቀን ነበር፤ እሷ ግን ደስ ነው ያላት። በትምህርት ቤቱ የሚማር ትልቅ ልጅ መሰላት። ቀጥሎ ወደ ሌላ የመልእክት መተግበሪያ እንሂድ አላት፣ ለእናቷ እንዳትናገር አስጠነቀቃት፣ ፎቶ ጠየቃት። እሷም በራቸው ላይ ቆማ የተነሳችውን ፎቶ ላከች። በመጨረሻ ብቻዋን ስትሆን የቪዲዮ ጥሪ እንድታነሳ መወትወት ጀመረ።

በዚህ ጊዜ ፈርታ ዝም አለችው። የእሱ መልስ የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነው፦ «ካላናገርሽኝ ሁሉንም ለእናትሽ እነግራታለሁ፤ ስልክሽን ትወስድብሻለች።»

ይህንን ዓረፍተ ነገር እናቷ ሲያነቡ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ቤት ውስጥ የነበረው ሕግ በእርግጥም እሱ ነበር፤ ስልክ ላይ ጥፋት ከተገኘ ስልኩ ይወሰዳል። ሰውየው ያንን ሕግ ማንም አልነገረውም። ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ሕግ ስለሆነ መገመት ብቻ በቃው። ልጅን ለመጠበቅ የወጣው ሕግ ልጅን ዝም ለማሰኘት ዋለ።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

እናቷ ወዲያው ማድረግ የፈለጉት ሁለት ነገር ነበር፦ አካውንቱን ማጥፋትና ስልኩን መቆለፍ። ሁለቱንም እንዲያቆዩ ለመንናቸው። አጎቷ ደግሞ «እሷን መስዬ ልጻፍለትና ቀጥረን እንያዘው» አሉ። ያንንም እንዲተዉት ነገርናቸው። እንዲህ ያለ ሙከራ ሰውየውን ያስነቃል፣ ማስረጃ ያበላሻል፣ የሚሞክረውንም ሰው አደጋ ላይ ይጥላል። ማጣራት የፖሊስ ሥራ ነው።

ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። መጀመሪያ መመዝገብ፣ ቀጥሎ ሪፖርት ማድረግ፣ ብሎክ ማድረግ ደግሞ መጨረሻ። አንዳንድ መተግበሪያዎች ላይ ብሎክ ሲደረግ ወይም አካውንት ሲጠፋ የቆየው ጽሑፍ አብሮ ይሰወራል። ስለዚህ ሙሉውን ልውውጥ ቀንና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገን በስክሪንሾት አስቀመጥን። የፕሮፋይሉን ሊንክና መለያ ስሙንም ለየብቻ ጻፍን፤ በላይ የሚታየውን ስም ማንም በፈለገ ጊዜ ሊቀይረው ስለሚችል እሱ ብቻውን አይበቃም። ከዚያ ለሁለቱም መተግበሪያዎች የልጅ ደኅንነት በሚለው ምድብ ሪፖርት ተደረገ፤ እናቷም የተሰበሰበውን ይዘው ለፖሊስ አመለከቱ።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ እዚህ መግባት አለበት። በልጅቷ ልውውጥ ውስጥ እርቃንን የሚያሳይ ምስል አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ስክሪንሾት አናነሳም፣ ለማንም አንልክም ነበር። የሕፃን እርቃን ያለበትን ምስል መቅዳትና ማስተላለፍ፣ ለበጎ ተብሎ እንኳ ቢሆን፣ በብዙ አገሮች ሕግ ወንጀል ነው፤ ልጁንም ደግሞ ይጎዳል። እንዲህ ሲሆን ስልኩን እንዳለ ይዞ ወደ ፖሊስ መሄድ ነው።

አካውንቱን ለማስተካከል ስንሞክር የአክስቷ ልጅ ኢሜይል እንቅፋት ሆነ። የይለፍ ቃል ለመቀየር የሚላከው ቁጥር የሚደርሰው ለእሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ ያንን ኢሜይል መጠቀም ካቆመ ቆይቷል። የልጅ አካውንት የሚከፈትበት ኢሜይል ወላጅ በየቀኑ የሚያየው መሆን እንዳለበት የተረዳነው ያን ቀን ነው።

ሰውየው እንዴት አወቀ?

ልጅቷ የትምህርት ቤቷን ስም በጽሑፍ አልነገረችውም። ልውውጡን ከላይ እስከ ታች አይተነዋል። ታዲያ ክፍሏን ጭምር እንዴት አወቀ? በእናቷ ፈቃድ እኛም እንደ አንድ እንግዳ ሆነን ከመለያ ስሟ ተነስተን ፈለግን። ልዩ ሙያ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ማንኛውም ሰው የሚጠቀምበት የፍለጋ ሳጥን በቂ ነበር።

መለያ ስሟን ስንፈልግ የቪዲዮ መተግበሪያው ላይ ያለው አካውንቷ ተገኘ። እዚያ ያለው አንድ ቪዲዮ ዳንስ ብቻ ነው፤ ልጅቷ ግን የለበሰችው ዩኒፎርም ነው፣ ደረቷ ላይ ያለው አርማ ይነበባል። አስተያየት ከሰጡት መካከል እናቷ አሉ፤ በእውነተኛ ስማቸው «የኔ ቆንጆ ልጅ» ብለው ጽፈዋል። ከእናቷ ስም ወደ ማኅበራዊ ገጻቸው ለመሻገር አንድ ጠቅታ በቃ። ገጹ ለሁሉም ክፍት ነበር። በየዓመቱ የልደቷ ፎቶ፣ ኬኩ ላይ ያለው የዕድሜ ቁጥር፣ ፖስቱ የወጣበት ቀን። የትውልድ ቀኗ እስከነዓመቱ በዚያ አለ።

የክፍሏን ምድብ ያወጣው ትምህርት ቤቱ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት በትምህርት ቤቱ ይፋዊ ገጽ ላይ የተሸላሚ ተማሪዎች ፎቶ ወጥቶ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ልጅ ሥር ሙሉ ስምና ክፍል ተጽፏል። አምና ሁለተኛ ለ ከሆነች ዘንድሮ ሦስተኛ ለ መሆኗን ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

የላከችውንም ፎቶ መረመርን። የስልኳ ካሜራ ሎኬሽን ክፍት ነበር። ይህ ማለት እያንዳንዱ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ በፋይሉ ውስጥ ይዞ ይቀመጣል ማለት ነው። ብዙ የመልእክት መተግበሪያዎች ፎቶ በተራው መንገድ ሲላክ አሳንሰው ስለሚልኩት ይህ መረጃ ይወድቃል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን አብሮ ይሄዳል። እሷ የላከችው በተራው መንገድ ስለነበር ከቦታ መረጃው ተርፋለች። ከኋላዋ ባለው በር ላይ ግን የቤት ቁጥሩ ይነበባል።

ያገኘነውን ሁሉ ወረቀት ላይ ስንደረድረው ልጅቷ በራሷ እጅ ያወጣችው ቪዲዮውንና ፎቶውን ብቻ ነው። መለያ ስሙ የአክስቷ ልጅ፣ የልደት ቀኑ የእናቷ፣ ሙሉ ስሙና ክፍሉ የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው። እያንዳንዳቸው በፍቅር ወይም በኩራት የወጡ፣ ለየብቻ ሲታዩ ምንም የማይመስሉ ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ልጅቷን ከነሰፈሯ ያሳያሉ።

ለማነጻጸር ያህል የሌሎች ፈቃደኛ ወላጆችን ልጆችም ፈለግን። ከሁሉ ሰፊ ዲጂታል አሻራ (በኢንተርኔት ላይ ስለ ልጁ የሚገኝ መረጃ) የተገኘበት ልጅ ስልክ ነክቶ የማያውቅ ነው። ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ ሕመሙም፣ ጥርሱም፣ የመጀመሪያ ቀን ትምህርቱም በወላጆቹ ገጽ ላይ ነበር። «ለልጄ ስልክ ስለማልሰጥ ይህ እኔን አይመለከተኝም» የሚለው መከራከሪያ በዚህ ምክንያት አይቆምም።

የወጣውን መሰብሰብ

ትምህርት ቤቱ የድሮ ፖስቶቹን ፈትሾ ሙሉ ስምና ክፍል ያለባቸውን አነሳ። እናቷ ገጻቸውን ለሚያውቋቸው ሰዎች ብቻ እንዲታይ አድርገው የልደት ፎቶዎቹን አወረዱ። ልጅቷ ቪዲዮውን በራሷ እጅ አጠፋች፤ እናቷ እንዲያጠፉላት ከማድረግ ይልቅ ይህን የመረጥነው ሥራው የእሷ እንዲሆን ነው።

የፍለጋ ውጤቱ ግን ፖስቱ ከተነሳ በኋላም ለጊዜው ይታይ ነበር። ጉግል ከ2021 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ወይም ወላጆቻቸው የልጁ ምስል ከፍለጋ ውጤት እንዲወጣ የሚጠይቁበትን መንገድ ከፍቷል። በዚያ ጠየቅን፣ ተሳካ። ይህ ምስሉን ከፍለጋ ያወጣዋል እንጂ ከተቀመጠበት ገጽ አያነሳውም። የተሸላሚዎቹን ፎቶ ከትምህርት ቤቱ ገጽ ወስዶ በራሱ ገጽ ላይ የለጠፈ አንድ ሌላ ገጽ ነበር፤ ደጋግመን ጻፍንለት፣ መልስ አልሰጠም። የአውሮፓው ደንብ አንቀጽ 17 ሰዎች መረጃቸው እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። መብቱ በሌለበት ወይም የገጹ ባለቤት ማን እንደሆነ በማይታወቅበት ቦታ ግን በልመና ላይ መንጠልጠል ነው።

ትምህርቱ፦ መጀመሪያ ያልሠራው

ከዚህ በኋላ ለሦስቱ ታችኛ ክፍሎች የደኅንነት ትምህርት አዘጋጀን። የመጀመሪያው ቅርፅ የተለመደው ነው። ትልቅ ፖስተር ላይ «አትስጥ፣ አትላክ፣ አትክፈት» የሚሉ ሕጎች ተጻፉ፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ አነበቡ፣ በሳምንቱ ሲጠየቁ ሁሉም መለሱ።

ቀጥሎ ጥያቄውን ቀየር አድርገን አቀረብን። «አንድ ልጅ ወር ሙሉ ጌም አብሮህ ተጫወተ። በጣም ጥሩ ልጅ ነው፣ ያግዝሃል። ስንተኛ ክፍል ነህ ቢልህ ትነግረዋለህ?» እጅ ያወጡት ሁሉ እነግረዋለሁ አሉ። የማታውቁት ሰው አይደለም ወይ ስንላቸው ጉዳዩ የደረሰባት ልጅ ቀድማ መለሰች፦ «የማላውቀው ሰው አይደለም እኮ፤ ጓደኛዬ ነው።»

እውነቷን ነው። በልጅ አእምሮ «የማይታወቅ ሰው» መንገድ ላይ ያለ፣ ትልቅ፣ ፊቱ የሚያስፈራ ሰው ነው። በየቀኑ አብሮት የሚጫወት፣ ስሙን የሚጠራው፣ ስጦታ የሚሰጠው አካል እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ልጅቷ ሕጉን አልጣሰችም ነበር። ሕጉ ራሱ እሷ ያለችበትን ሁኔታ አይናገርም።

ሌላም ያልሠራ ነገር ነበር። በአንድ ወላጅ ጥቆማ ለሦስተኛ ክፍሎች የሚያስፈራ ቪዲዮ ታይቶ ነበር። በሚቀጥሉት ቀናት አንዳንድ ልጆች ብቻቸውን መተኛት እምቢ ማለታቸውን ወላጆች ነገሩን። ስለ ደኅንነት የያዙት ነገር ሲጠየቅ ግን የሚያስታውሱት የሰውየውን ፊት ብቻ ነው። ፍርሃት በዚህ ዕድሜ የሚያስተምረው መሸሽን ነው፤ የሚሸሹትም ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ራሱ ነው።

የሠራው

ሁለተኛውን ቅርፅ በካርዶች ጀመርን። አንዲት የፈጠራ ጥንቸል አለች። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ስለ እሷ አንድ ተራ ነገር አለ፦ ዩኒፎርሟ ሰማያዊ ነው፣ ከመስኮቷ የውኃ ማማ ይታያል፣ ልደቷ ትናንት ነበር፣ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ኳስ ትጫወታለች፣ መለያ ስሟ ውስጥ የትውልድ ዓመቷ አለ። ልጆቹ በቡድን ሆነው የጥንቸሏን ቤት፣ ዕድሜዋንና ማክሰኞ ከሰዓት የት እንደምትገኝ በተሳለ ካርታ ላይ እንዲያገኙ ተጠየቁ። ሁሉም ቡድኖች አገኙ። ክፍሉ በደስታ ጮኸ።

ከዚያ መምህርቷ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ጥንቸሏ ቤቷን ለማን ነገረች?» ለማንም። ዝምታ ሆነ። ቀጥሎ ከኋላ ወንበር የመጣው ጥያቄ እኛ ያላቀድነው ነው፦ «መምህር፣ የኔስ ካርዶች ስንት ናቸው?» የትምህርቱ ቀሪ ጊዜ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ሆነ። ልጆቹ መለያ ስማቸውን፣ የፕሮፋይል ፎቷቸውን፣ ከኋላቸው የሚታየውን ነገር መመርመር ጀመሩ። በርካታዎቹ ስማቸውን ለመቀየር በራሳቸው ፈለጉ፤ ስምና ዓመት የሌለበት አዲስ መለያ መፍጠር ለእነሱ ጨዋታ ነው።

ሁለተኛው የሠራ ነገር ምስጢርን በሁለት መክፈል ነው። የልደት ስጦታ ደብቆ ማቆየት ያስደስታል፣ ጊዜው ሲደርስም ይገለጣል። መቼም ለእናትና አባት አይነገርም የተባለ፣ ሆድን የሚያስጨንቅ ነገር ግን ሌላ ነው። የ6 ዓመት ልጅም ይህን ልዩነት በሆዱ ያውቀዋል። «እንዳትናገሪ» የሚለው ቃል ራሱ ለመናገር ምልክት እንዲሆን አድርገን አለማመድናቸው፤ ተናጋሪውም የሚያውቁት ሰው ቢሆን። እያንዳንዱ ልጅ የሚነግራቸውን ሦስት አዋቂዎች በሥዕል አስቀመጠ። አንዳንዶች እናትና አባታቸውን አልሣሉም፤ ያንን ለወላጅ አልነገርንም፣ የምክር ባለሙያዋ ግን ከእነዚያ ልጆች ጋር ለየብቻ ተነጋገረች።

ሦስተኛው ፈቃድ መጠየቅ ነው። መምህራን ከልጅ ፎቶ ከማንሳታቸው በፊት ልጁን መጠየቅ ጀመሩ፤ እምቢ ካለ አይነሳም። አንዳንድ ባልደረቦቻችን የ7 ዓመት ልጅ ፈቃድ ምን ያደርጋል ብለው ነበር። በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 የልጅን ግላዊነት ያስከብራል፤ የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ በ2021 ያወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 25 ደግሞ ይህ መብት በዲጂታሉ ዓለምም እንደሚሠራ በግልጽ አስፍሯል። ለእኔ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። በቤትም በትምህርት ቤትም ሳይጠየቅ ፎቶው ሲወጣ ያደገ ልጅ፣ ጌም ላይ ያለ ሰው ፎቶ ሲጠይቀው እምቢ ማለትን ከየት ይማራል?

የወላጆች ስምምነትና ክርክሩ

ስብሰባ ጠርተን አንድ ሐሳብ አቀረብን፦ ልጅ ራሱ መጥቶ ከነገረ ስልኩ በቅጣት አይወሰድም። አጠቃቀሙ ሊገደብ፣ መተግበሪያው ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን መናገሩ ያንን እንዳላመጣበት ልጁ ማወቅ አለበት። እናትየው ስማቸውን ሳንጠራ የሰውየውን ዛቻ እንድናነብ ፈቅደው ነበር። ከየትኛውም ማብራሪያችን በላይ ያ ዛቻ አዳራሹን አሳመነ።

ሁሉንም አይደለም። አንድ አባት ተነስተው «ልጅ መጀመሪያ ስልክ ለምን ይይዛል? ሕጉን የምታለሳልሱት በሩን ከፍታችሁ ነው» አሉ። ክብደት ያለው ሐሳብ ነው። በ9 ዓመት ከማያውቁት ተጫዋች ጋር የሚያጻጽፍ ጌም አያስፈልግም፤ በዚህ እስማማለሁ። የዚያ ጌም የመልእክት ክፍል መጀመሪያውኑ ክፍት ሆኖ መምጣቱም ልክ አይደለም። በ2022 የአሜሪካ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ፎርትናይት የተባለውን ጌም የሚያዘጋጀውን ኤፒክ ጌምስን የሕፃናት ግላዊነት ሕግን ጥሷል በሚል 275 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ባደረገበት ጉዳይ ከተነሱት ነጥቦች አንዱ የድምፅና የጽሑፍ ንግግር ለልጆች በነባሪነት፣ ማለትም ማንም ሳይነካው ከመነሻው፣ ክፍት መሆኑ ነበር። ስለዚህ ስልክ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚታየው ሴቲንግ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ መከልከል ብቻውን የልጅቷን ክፍል ከገጻችን ላይ አያነሳም ነበር፤ ልጅም የጓደኛውን ስልክ ማግኘቱ አይቀርም። ከልካይ ወላጅም የደረሰበትን የሚነግረው ልጅ ያስፈልገዋል።

ለሌላ ትምህርት ቤትና ቤት የሚሻገረው

ይህንን ሥራ መጀመር የሚፈልግ ከልጁ ሳይሆን ከራሱ ገጽ ይጀምር። የልጁን ሙሉ ስም፣ መለያ ስሙንና የትምህርት ቤቱን ስም አንድ ላይ አድርጎ መፈለግ፣ ከአካውንት ወጥቶ እንደ እንግዳ የራስን ገጽ ማየት፣ ረጅም ጊዜ አይፈጅም። ትምህርት ቤቶች ልጅን ማመስገን ከፈለጉ ስሙን በክፍል ውስጥና ለወላጁ መጥራት ይችላሉ፤ ለዓለም የሚወጣው ፎቶ ስምና ክፍል አይፈልግም።

ለትንንሽ ልጆች ሕግ ከመዘርዘር ይልቅ የመገጣጠም ልምምድ ይስጡ። «የማታውቀው ሰው» የሚለውን ትተው «ፊት ለፊት አግኝተኸው የማታውቀው፣ እማዬም የማታውቀው» በሚለው ይተኩት፤ ልጆች ይህንን ያለ ማብራሪያ ይለያሉ።

ካርዶቹ ከ6 እስከ 9 ዓመት ላሉት ጥሩ ናቸው። ከዚያ በላይ ላሉት ልጆች የልጅነት ስለሚመስላቸው ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ለእነሱ የጓደኛን ፎቶ ሳይጠይቁ ማስተላለፍ ትልቁ ችግር ነው፤ የዚህ ጥናት ርዕስ ግን አይደለም።

ጉዳዩ አሁን ያለበት

ሪፖርት የተደረገበት አካውንት በጌሙ አዘጋጆች ተዘግቷል። ሰውየው ማን እንደሆነ እስከ አሁን አልተነገረንም። ልጅቷ ለጥቂት ጊዜ ከምክር ባለሙያዋ ጋር ስትገናኝ ቆይታለች፤ ዋናው ሸክሟ ፍርሃቱ ሳይሆን «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» የሚለው ስሜት ነበር። የተደረደሩትን ወረቀቶች አሳይተን የትኛው ቁራጭ ከማን እንደመጣ ስናስረዳት፣ እናቷም «ይኼኛውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ሲሏት፣ ያ ስሜት እየቀለለ ሄደ።

የድሮው አካውንት ተሰርዞ በእናቷ ኢሜይል፣ በእውነተኛ የትውልድ ዓመቷ፣ መልእክት መላላክ የማይቻልበት የልጆች አካውንት ተከፈተ። ከወራት በኋላ ቪዲዮ ስታይ አንድ ሊንክ ተጭና ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ሲወጣባት ስልኩን እንደያዘች ወደ እናቷ ሄደች። ቁጥሩን አልጻፈችም። እናቷ ገጹን አብረዋት ዘግተው ስልኩን መልሰው ሰጧት።

ያ መልስ ያልሰጠን ገጽ ፎቶውን እስካሁን እንደያዘው ነው። በየትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ከፈቃደኛ ወላጆች ጋር ፍለጋውን ስለምንደግም፣ በዚያው ጊዜ ለገጹ እንደገና እንጽፋለን።